ከዋንጫ ስባሪ የተሠራ ቁልፍ

ቀጭ። ቀጭ፣ ቀጭ። ቀጭ።

ጓዳ ተቀምጬ ቦሎቄ ስለቅም የሰማሁት ይህን ነው። የሚጮኽ እንጂ የማይሠራ ቁልፍ ድምፅ። ሰው በአውራ ጣቱ ደጋግሞ ይጫነዋል፤ ላይ ላዩን ይሰማል፣ ከውስጥ ግን መልስ የለም። ልጅ ሆኜ ቦዲቲ፣ አባቴ ቤት፣ ይህንኑ ድምፅ እሰማ ስለነበር እጄ ቦሎቄው ውስጥ እንደገባ ቀረ።

ሳሎን ውስጥ የልጅ ልጄ ናሆምና የጎረቤታችን ልጅ ትዕግሥት ቴሌቪዥኑ ፊት ምንጣፍ ላይ ቁጭ ብለዋል። የሚጫወቱበት ጌም ከናሆም በዕድሜ ይበልጣል። ትንሹ ልጄ እዚህ ሶዶ፣ መናኸሪያው አጠገብ ጌም ቤት ከፍቶ ነበር፤ ሲዘጋው ሌላው ዕቃ ተሸጠና ይህ ገዢ አጥቶ ቤት ቀረ። ሁለት ጆይስቲክ አለው። አንዱ ደህና ነው። የሌላው የመዝለያ ቁልፍ ግን ሲያሻው ይታዘዛል፣ ሲያሻው ይተኛል።

«ጫንኩት እኮ!» አለች ትዕግሥት። ቴሌቪዥኑ ላይ የምታስሮጠው ሰውዬ ገደል ገብቶባታል።

«አልጫንሽም። እጅሽ ነው ሰነፍ።»

«እጄ አይደለም፣ ቁልፉ ነው! አንተ ያዘውና እየው እስቲ!»

«ያ ያንቺ ነው» አላት ናሆም፣ ዓይኑን ከቴሌቪዥኑ ሳይነቅል።

ያ ያንቺ ነው። ይህን ሲል የልጅቷ አያት ትዝ አለችኝ። የትዕግሥት አያት ገበያ ዳር ጀበናና ድስት ዘርግታ የምትሸጥ ሴት ናት፤ ሸክላውን የምትሠራውም ራሷ ናት። ዛሬም ቢሆን ብሩን በእጇ ከመስጠት መሬት ላይ አስቀምጠውላት የሚሄዱ ሰዎች አሉ፤ በዓይኔ አይቻለሁ። ናሆም ይህን አስቦ ይሁን፣ ወይም የልጅ ስስት ይዞት ይሁን፣ አላውቅም። እኔ ቤት እንዲህ ያለ ነገር ሲወራ ሰምቶ አያውቅም። ግን ልጅ የሚማረው ከቤቱ ብቻ አይደለም።

ቦዲቲ ውስጥ አንጁሎ የሚባል ራዲዮ ሠሪ ነበር። ወላጆቹ ሸክላ ሠሪዎች ናቸው። አገሩ ለእነሱ ያወጣላቸው ስም አለ፤ ዛሬም ስድብ ስለሆነ አልጽፈውም። ሱቅ የሚያከራየው ስላጣ ከአንድ ጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ግድግዳ ሥር፣ ከጣሪያው ጠርዝ በታች፣ ሣጥን ገልብጦ ይቀመጣል። ዝናብ ሲመጣ ራዲዮዎቹን በኮቱ ሸፍኖ እሱ ይበሰብሳል። የሚያሳዝን ሰው ግን አልነበረም። ግራጫ ባርኔጣ ያደርጋል፣ ከረባት ያስራል፣ ከሩቅ ይጮኻል። የሠራውን ራዲዮ ድምፁን ከፍ አድርጎ ከፍቶ ገበያተኛውን፣ «ስሙ! ትናንት በድን ነበር! እናንተስ መቼ ነው የምትነሡት?» ይላል። ሰው ይስቃል። ከሳቀ በኋላ ግን አንድ ክንድ ራቅ ብሎ ይቆማል።

እኔ «ጋሽ አንጁሎ» እለው ነበር። እናቴ ይህን በሰማች ቁጥር ክንዴን ትቆነጥጠኛለች። «ጋሽ የሚባል ሰው አጥተሽ ነው?» ትለኛለች። አራተኛ ክፍል ነበርኩ፤ ከዚያም አላለፍኩም። ታላቅን ጋሽ በሉ ብሎ ያስተማረኝ መምህር፣ ከዚህ ሰው በስተቀር ብሎ አልነገረኝም።

የአባቴ ራዲዮ ከላይ ተጭነው የሚከፍቱት ቁልፍ ነበራት። ቁልፉ ማስቸገር ጀመረ። አባቴ ዜና ሊሰማ ሲል ቀጭ ያደርገዋል፣ ዝም። ቀጭ፣ ዝም። የባትሪ ድንጋዩን አውጥቶ ፀሐይ ላይ ያሰጣል፣ መልሶ ይከታል፣ በጡጫ ይመታታል። አንድ ቀን በንዴት ሲጫነው የቁልፉ ራስ ተሰብሮ ወደቀ። በማግሥቱ ጋሽ አንጁሎ ተጠራ።

ቤት አልገባም። ጓሮ፣ እንሰቱ ሥር፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ራዲዮዋን በካቻቢቴ ፈታት። ከኪሱ ትንሽ ጠርሙስ አውጥቶ ጥጥ ላይ ቤንዚን ጠብ አደረገ። ጥጡን በክብሪት እንጨት ላይ ጠቅልሎ የውስጡን ብረት ሲወለውለው ጥጡ ጥቁር ሆኖ ወጣ።

«አየሽ?» አለኝ። «ቁልፉ አልታመመም። በእሱና በብረቱ መካከል እድፍ ገብቶ ነው። ሰውዬው ቁልፉ የታመመ መስሎት ይደበድበዋል።»

ቀኑ ሞቃት ነበር። በአፉ ብሎን ይዞ ይሠራል፣ ላቡ በከረባቱ ላይ ይወርዳል። ቤት ገባሁና ከእንስራው ጎን ያለውን የሸክላ ዋንጫ አንሥቼ አሬራ ቀዳሁለት። ብሎኑን ከአፉ አውጥቶ ዋንጫውን አየው፤ ከዚያ እኔን አየኝ። ዋንጫውን በእጁ አዙሮ ከጠርዙ በታች በጥፍር የተጫረውን ሞገድ የመሰለ መስመር በጣቱ ዳሰሰውና ሳቀ።

«የእናቴ ጥፍር ነው» አለ። «እዚህ ቤት እሷ ከእኔ በፊት ገብታለች።»

ጠጥቶ ሲጨርስ እናቴ መጣች። ዋንጫውን በእንሰት ቅጠል ጠቅልላ አነሣችና እዚያው፣ በእሱ ዓይን ፊት፣ ከድንጋይ ጋር አጋጨችው። ዶሮዎቹ ደንግጠው ተበተኑ። እሱ ቀና አላለም። አንዷን ብሎን አጥብቆ ጨረሰና፣ «እሜቴ፣ ስባሪውን ልውሰደው?» አላት።

«ውሰደው! ለእኛ ምን ይሠራል?»

ለቃቅሞ በመሐረቡ ቋጠረው። ራዲዮዋንም፣ «ለተሰበረው ራስ ምትክ ላበጅለት» ብሎ ይዟት ሄደ።

በገበያ ቀን ራዲዮዋ ተመለሰች። አባቴ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ተጫናት፤ በአንድ ጊዜ ተከፈተች። ሁላችንም ተደሰትን። አዲሱ የቁልፍ ራስ ቀይ ቡናማ ነበር፤ በሞረድ ተሞርዶ እንደ ጠጠር ለስልሷል። ጠጋ ብዬ ሳየው ሞገድ የመሰለ ጭረት አለበት። አባቴም አየው። እናቴም አየችው። በየቤቱ ዋንጫ ላይ ያለውን ያን መስመር የማያውቅ አልነበረም።

«አውጣው» አለች እናቴ። «ከቤቴ ይውጣልኝ!»

አባቴ ዜናውን ይወዳል፤ ከዚያች ራዲዮ ሌላም የለውም። ለጥቂት ቀናት ቁልፉን በጋቢው ጫፍ ይዞ ተጫነው። ኋላ ጋቢው ባጠገቡ ባልነበረ ጊዜ በጣቱ ተጫነው፤ ከዚያ ወዲያ ረሳው። እናቴ ግን እስክትሞት ድረስ አልነካችውም። መስማት ስትፈልግ እኛን ትጠራለች።

በእሷ አላበቃም። ለጎረቤት ሴቶች ነገረቻቸው። በማግሥቱ ሰፈሩ ሁሉ ራዲዮውን ገልብጦ ይመረምር ጀመር። አንዷ የራሷን ቁልፍ በጥርሷ ነክሳ ሸክላ ይሁን ፕላስቲክ አረጋገጠች፤ ሸክላ ቢሆን ኖሮ ምን ልታደርግ እንደነበር እሷው ታውቃለች። ሰው ሥራ ማምጣቱን አቆመ። ጋሽ አንጁሎ ባርኔጣውን አድርጎ፣ የሚከፍተው ራዲዮ አጥቶ፣ ግድግዳው ሥር ዝም ብሎ ሲቀመጥ አየሁት። ሄጄ፣ «ጋሽ፣ ለምን በሸክላ ሠራኸው? እንጨት አጥተህ ነው?» አልኩት።

«እንጨት ሞልቷል» አለ። «እነሱ አሥር ቁልፍ ይሰብሩ፣ አሥር ዋንጫ ይሰብሩ። እኔ ግን ቤታቸው መግባት አማረኝ።»

በሚቀጥለው ገበያ ሣጥኑ ብቻ ነበር። ገሱባ ሄደ ያሉ አሉ፣ ዲምቱ ነው ያሉም አሉ። አግብቼ ሶዶ ከመጣሁ በኋላ ለልቅሶም ለሠርግም ገሱባ በሄድኩ ቁጥር ከየሱቁ ግድግዳ ሥር ግራጫ ባርኔጣ ፈልጌአለሁ። አላገኘሁትም። አባቴ ሲሞት ወንድሞቼ መሬቱን ተከፋፈሉ፤ እኔ የሞተችውን ራዲዮ ጠየቅኩ። ሣጥኗ በስብሶ ተጣለ። ቁልፉ ግን የክር ቆርቆሮዬ ውስጥ፣ ከመርፌዎቹ ጋር፣ አለ።

ቦሎቄውን ትቼ ሳሎን ገባሁ።

«ናሆም፣ ያ ጆይስቲክ የማን ነው አልክ?»

«የእሷ ነው፣ አዬ» አለ፤ እኔን የሚጠራኝ እንዲህ ነው። «ሁልጊዜ እሱን ነው የምትይዘው።»

«ማን ሰጣት?»

ትዕግሥት ምንጣፉን እያየች የጆይስቲኩን ገመድ በጣቷ ትጠቀልላለች።

«ከአሁን ጀምሮ አንድ ሰው ገደል በገባ ቁጥር ትለዋወጣላችሁ። አልሰማሁም ያለ ቴሌቪዥኑን አጠፋበታለሁ።»

ተለዋወጡ። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ፤ ናሆም ገደል ገባ።

«ጫንኩት እኮ!»

«እጅህ ሰነፍ ነው» አለችው ትዕግሥት፤ ልጅቷ ምላሷ ስለት ነው።

በሁለተኛው ገደል ናሆም ራሱ ተነሥቶ የአጎቱን ካቻቢቴ ፍለጋ መሳቢያውን በረበረ። ስንት ወር ችላ ያለው ቁልፍ ሕመም በአንድ ከሰዓት ታወቀው። ከፈትነው። ውስጡ የስንቱ ልጅ ላብና የጣት ቆሻሻ ደርቆበታል። ከቁልፉ ሥር ለስላሳ ላስቲክ አለ፤ ከላስቲኩ ሥር ጥቁር ነጥብ። ነጥቡ ከታች ያለውን ሰሌዳ ሲነካ ነው ሰውዬው የሚዘለው። ለስኳሬ መርፌ የማስቀምጠውን አልኮል ጥጥ ላይ ጠብ አድርጌ ሰሌዳውን ወለወልኩት። ጥጡ ጥቁር ሆኖ ወጣ። ሽታው አፍንጫዬን ሲወጋኝ ዓይኔ ረጠበ፤ ልጆቹ አልኮሉ መሰላቸው። ናሆም፣ አጎቱ ጌም ቤቱ ውስጥ ሲያደርግ እንዳየው፣ ያለቀውን ጥቁር ነጥብ በእርሳስ ደጋግሞ ቀባው። ትዕግሥት ብሎኖቹን በመዳፏ ይዛ አንድ በአንድ አቀበለችው። መልሰው ገጠሙት።

ሠራ። እስከ መቼ እንደሚሠራ ግን አላውቅም። የእርሳስ ቅብ ይለቃል፣ እድፍም ይመለሳል። «ቢሠራም መለዋወጡ ይቀጥላል» አልኳቸው።

ትንሽ ቆይቶ ትዕግሥት ውሃ ጠማኝ አለች። ናሆም ሄደ። በሩ ላይ ቆሜ እጁን በዓይኔ ተከተልኩ። ከመደርደሪያው እኛ የምንጠጣበትን ብርጭቆ አነሣ፣ ሞልቶ አመጣላት። ግማሹን ጠጥታ ምንጣፉ ላይ አስቀመጠችው። ብርጭቆው በመካከላቸው ቆመ። ከጋሽ አንጁሎ የቀረልኝ ከዚያ ቁልፍ ይልቅ ይህ ነው፤ ሰው ጠጥቶ ሲያበቃ የጠጣበት ዕቃ ወዴት እንደሚሄድ ሳላይ ከቦታዬ አልነቃነቅም።

ናሆም ዓይኑ ቴሌቪዥኑ ላይ እንዳለ እጁን ሰደደ፣ ብርጭቆውን አገኘው፣ የተረፈውን ጠጣ።

«ያዢ» አላት፣ ደህናውን ጆይስቲክ እያቀበላት። «አሁን ይሄ ያንቺ ነው።»

ወደ ቦሎቄዬ ተመለስኩ።