ካርቶን ያሰርኩበት ዓመት

እንግሊዝ አገር ሚኒስትር በተቀየረ ቁጥር ጄኔቫ ላይ ሳህን የምጠቀልለው እኔ ነበርኩ። ይህን ስናገር ሰው ይስቃል። ይሳቅ። ያኔ ግን እኔን አያስቀኝም ነበር።

አሰሪዬ እንግሊዛዊ ነበር፤ ሙያው የቤትና የከተማ ፕላን ሲሆን ጄኔቫ ውስጥ በአንድ ዓለም አቀፍ ድርጅት ይሠራል። በዕረፍት ቀናችን የቤት ሠራተኛ ሴቶች ስንገናኝ የአሰሪዎቻችንን ስም አንጠራም፤ የእኔው በፈረንሳይኛው አጠራር «ሙሴ» ነው፣ ሚስቱ «ማዳም»። የምተኛው ከልብስ ማጠቢያው ጎን ባለች ጠባብ ክፍል ነው። የመኖሪያ ፈቃድ ካርቴ በሙሴ ሥራ ላይ የተንጠለጠለ ነበር። እሱ ጄኔቫን ከለቀቀና ሌላ አሰሪ ቶሎ ካላገኘሁ፣ ክፍሉም ካርቱም ቀረ ማለት ነው፤ ሻንጣዬን ይዤ ወደ አገሬ።

ያን ዓመት ደግሞ መሄድ የማልችልበት ምክንያት ነበረኝ። ታናሽ እህቴ ዙሪክ ከተማ፣ አልትሽቴተን በሚባል ሰፈር፣ ለስደተኞች በተሰጠ ሕንፃ ውስጥ አንዲት ክፍል ይዛ ትኖራለች። ባሏ ገና የስደት መንገድ ላይ ነው፤ እሷ ለኅዳር ትወልዳለች። በስልክ ባወራን ቁጥር «እትዬ፣ አንቺ ካላረስሽኝ ማን ያርሰኛል?» ትለኝ ነበር። ለማዳም ነገርኳት። «ቤተሰብ ይቀድማል፣ አንድ ወር ትሄጂያለሽ» ብላ ቃል ገባችልኝ። እኔም የሚወለደውን ልጅ ብርድ ልብስ በእጄ መሥራት ጀመርኩ።

ታዲያ ለንደን ላይ ጉድ ፈላ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ይወርዳል፣ እሱን የተካችውም ሳትደላደል ትወርዳለች። የቤቶች ሚኒስትሩማ ወንበሩን ሳያሞቀው ይነሳል። አንዱ «በየአካባቢው ይህን ያህል ቤት የግድ ይሠራ» ሲል፣ ሌላው «ማንም አይገደድም» ይላል። እኔ ይህን ሁሉ የሰማሁት ሾርባ እያቀረብኩ ነው። እንግዶቹ ስለ ቤት እጥረት እያወሩ ይበላሉ፣ ሙሴም ሹካውን እያወዛወዘ «ቤት የሰው ልጅ ክብር ነው» ይላል። ከዚያ እኔ ሳህኑን ሰብስቤ ማጠቢያው አጠገብ ወዳለችው ክብሬ እገባለሁ።

ሙሴ ከቤቶች ሚኒስትሩ ጋር የቆየ ወዳጅነት ነበረውና፣ አማካሪ ሆነህ ለንደን ና ተባለ። «ካርቶን እናምጣ» አለች ማዳም። ሳህኑን በጋዜጣ ጠቀለልኩ፣ መጻሕፍቱን አሰርኩ። በየካርቶኑ ላይ በውስጡ ያለውን በአማርኛ ጻፍኩበት፤ መቼስ የሚፈታው ከእኔ ሌላ ማን ነው! እንዳልኩትም ሆነ። ክረምት ላይ ሚኒስትሩ ተባረረ፣ ሙሴ ፊቱን አጠቆረ፣ እኔም ሁሉንም ፈትቼ ቦታው መለስኩ።

መስከረም ላይ የአዲሱ መንግሥት ሰዎች ደግሞ ፈለጉት። እንደገና ካርቶን። በዚህኛው ጊዜ ፈራሁና ሥራ ፍለጋ ወጣሁ። አንዲት ጓደኛዬ ሌላ አሰሪ አገኘችልኝ፤ ሴትዮዋ ግን እስከ ፋሲካ ፈቃድ የሚባል አልሰጥም አለች። እህቴን እያሰብኩ «ጥቂት ቀን ስጪኝ» አልኳት። እኔ ሳመነታ የለንደኑ መንግሥት ፈረሰ። ሙሴ ወጥ ቤት ድረስ መጥቶ «አለቀ፣ የትም አንሄድም። አንቺም እዚሁ ነሽ» አለኝ። ደስ አለኝ። እንዴት እንደ ልጅ ደስ እንዳለኝ ሳስበው ዛሬም ያናድደኛል። ያን ቀን ለሴትዮዋ «ይቅርብኝ» ብዬ ደወልኩላት፣ ካርቶኖቹንም ፈታሁ።

ብዙ አልቆየም። ያ በክረምት የተባረረው ሚኒስትር ተመልሶ እዚያው ወንበሩ ላይ ቁጭ አለ! ስልክ ተደወለ፣ ሙሴም እየዘፈነ ካርቶን አወጣ። ወደ ሴትዮዋ መልሼ ብደውል ሌላ ሰው ቀጥራለች። ማዳም ዓይኔን ሳታይ «በጣም እናዝናለን፣ ግን አንቺ ጠንካራ ነሽ» አለችኝ። ጣውላ መሰልኳት እንዴ? ሲኒውን ጠቅልዬ ካርቶኑ ውስጥ ወተፍኩት።

የራሴንም ዕቃ በአንድ ካርቶን አሰርኩ፦ ብርድ ልብሱን፣ ትንንሾቹን ሹራቦች፣ ለአራሷ ያስቀመጥኩትን የእናታችንን ነጠላ። በላዩ «የእኔ» ብዬ ጽፌ ከክፍሌ በር ሥር አቆምኩት። ዕቃ ጫኞቹ ከመምጣታቸው በፊት እህቴን ምጥ ያዛት። በለበስኩት ልብስ ባቡር ተሳፈርኩ። ካርቶኑን ተመልሼ እወስደዋለሁ ብዬ ነበር።

ወንድ ልጅ ወለደች። ያን ሕንፃ የሚጠብቀው ሰውዬ እንግዳ ማሳደር ክልክል ነው ስላለ፣ ስገባም ስወጣም ተደብቄ ነው። የልጁን ጨርቅ ሳጥብ፣ ገንፎ ሳገነፋ፣ ልቤ ግን ካርቱ ላይ ነበር፤ የቀረኝ ጊዜ ትንሽ ነው።

አንድ ጠዋት ገንፎ እያማሰልኩ ማዳም ከለንደን ደወለች። ድምጿ ተጨንቋል። ካርቶኖቹ ደርሰዋል፣ ቤቱ ውስጥ አማርኛ ማንበብ የሚችል አንድም ሰው የለም። ፎቶ እያነሳች ትልክልኝ ጀመር። «ይሄ ምን ይላል?» «የሻይ ሲኒ።» «ይሄኛውስ?» «መጋረጃ።» ምላሴን አሳከከኝ፤ ሲኒውን ጫማ፣ ጫማውን መጥበሻ ልላት ቃጥቶኝ ነበር። ሁሉንም በትክክል አነበብኩላት።

በመጨረሻ አንድ ፎቶ መጣ። ጽሑፉን ሳይ ገንፎውን ከእሳቱ አወረድኩት።

«ይሄስ?» አለች።

«እሱ የእኔ ነው፣ ማዳም።»

«ውይ፣ በስህተት ጭነውታል! ግን አታስቢ፣ ይሄ ቤት ሰፊ ነው፤ ጣሪያው ሥር ባለው ክፍል እናስቀምጥልሻለን። አድራሻሽን ላኪልኝና በፖስታ እልከዋለሁ።»

ዙሪክ ውስጥ ስምሽ ፖስታ ሳጥኑ ላይ ካልተለጠፈ ፖስተኛው እሽግሽን ይዞ ይመለሳል። በእህቴ ስም ላኪው ማለት እችል ነበር። ማዳም የጠየቀችኝ ግን የእኔን አድራሻ ነው። ባልሽ የአንድ አገር ሰው በሙሉ የት እንደሚኖር ሊያስብ ሄዶ የለም ወይ፣ እኔ የት እንዳለሁ እሱን ጠይቂው ልላት ፈለግኩ።

«አድራሻ የለኝም» አልኳት።

«እሺ፣ ሲኖርሽ» አለችኝ፣ በደግ ድምፅ።

ልጁን በእህቴ ሻርፕ ጠቀለልነው። አድራሻውን እስከ ዛሬ አልላክሁላትም።