ሚኒ ላፕቶፗና የአያ ፈንቴ ቆጠራ

ከጎንደር የወጣን ዕለት፣ ገና ሳይነጋ፣ አውቶቡሱ ሞተሩን አስነስቶ ሳለ ታላቅ እህቴ ዝናሽ በመስኮት አንድ ጥቅል ነገር አቀበለችኝ። ስንቅ መስሎኝ ነበር። ስፈታው በነጠላ የተጠቀለለች ሚኒ ላፕቶፕ ናት። የራሴዋ ናት፤ ሱቄን ዘግቼ ስነሳ ለልጆችሽ ብዬ የተውኩላት። «አያ ፈንቴ እዚህ ውስጥ ናቸው። እኔ ጋ ሆነው ምን ይሠራሉ? የሚጠይቁህ እዚያ ነው» አለችና መስኮቱን ራሷ ከውጭ ገፍታ ዘጋችው። እኔ እንዳላለቅስ ይሁን እሷ እንዳታለቅስ እስከ ዛሬ አላውቅም።

አያ ፈንቴ የአባታችን ታላቅ ወንድም ነበሩ። እንደምታውቁት በእኛ ዘንድ ሰው ልጁን ከመዳሩ በፊት እስከ ሰባት ትውልድ ይቆጥራል፤ ስለዚህ በየቤተሰቡ ቆጠራውን በቃሉ የያዘ አንድ ሽማግሌ አይጠፋም። የእኛ እሳቸው ነበሩ። ለእኛ ለቤተ እስራኤሎች ደግሞ ቆጠራው ከጋብቻም ያልፋል፤ እስራኤል ለመግባት የማን ልጅ እንደሆንክ፣ ቅድመ አያቶችህ ከየትኛው መንደር እንደተነሱና የትኛው ላይ እንደተጠመቁ ትጠየቃለህ። እኔ ያለፍኩት ሙሉ በምትባለው ሚስቴ በኩል ነው። ዝናሽ ግን መግቢያዋ የአባታችን ዘር ብቻ ነው። ለዚህም ነው ልወጣ ሳምንት ሲቀረኝ አያ ፈንቴን አርባ ደቂቃ ቀርጸን ላፕቶፗ ላይ የጫንነው። እኔ ከወጣሁ በሁለተኛው ክረምት አረፉ።

አፉላ ሜዳ ላይ የተዘረጋች የእስራኤል ከተማ ናት። እኔ ያለሁት ከላይ፣ ኮረብታው ላይ፣ አፉላ ኢሊት ነው። እናንተ ሐምሌ ሲገባ ጋቢ ትደርባላችሁ፤ እዚህ ሐምሌ ማለት የመኪና በር እጀታ እጅ የሚልጥበት ወር ነው። ቲማቲሙ ሲያዩት ያምራል፣ ሲቀምሱት ውሃ ነው። ሰዉ ክፉ አይደለም፤ ብቻ ሰላምታ አያስረዝምም። «ማ ኒሽማ?» ይልሃል፤ እንዴት ነህ ማለቱ ነው፤ መልስህን ግን አይጠብቅም። በመጀመሪያው ወር ስለ ከብቱ፣ ስለ እህሉ፣ ስለ እናቴ ወገብ እየመለስኩለት አንዱን ሰውዬ እስከ ባቡር ጣቢያው ተከትዬዋለሁ። እሱ የፈራ መሰለኝ።

ጎንደር ያገለገለ ሞባይል ነጋዴ ነበርኩ፤ እዚህ በኢንዱስትሪ ቀጠናው አንድ መጋዘን ውስጥ ካርቶን እደረድራለሁ። ወደ ነገሬ ልግባ። ዝናሽ እንድትገባ ካመለከትኩ ከብዙ ጊዜ በኋላ የኢሚግሬሽኑ ቢሮ ጠራኝ። ፓኪዳዋ፣ ማለት የቢሮው ሠራተኛ፣ ዓይኗን ከኮምፒውተሯ ሳታነሳ ጠየቀችኝ።

«ስለ አባትህ ቤተሰብ የሚመሰክር ሽማግሌ አለ?»

«አለ።»

«ይምጣ።»

«ሞተዋል።»

«ታዲያ አለ ያልከኝ?»

«ላፕቶፕ ውስጥ አሉ።»

ያን ጊዜ ቀና ብላ አየችኝ። ቪዲዮ መሆኑ ሲገባት ክፋት አልነበራትም፤ ጥሩ ነው፣ በኢንተርኔት ጫነውና በቶርህ ቀን እናየዋለን አለችኝ። ቶር ማለት ወረፋ ነው፤ ወረፋው ግን እንደ ቀበሌ በር ላይ የሚቆሙት ሳይሆን በስልክ የሚላክልህ ቀንና ሰዓት ነው። የእኔ በሚቀጥለው ሳምንት ረቡዕ ዋለ።

ቤት ገብቼ ላፕቶፗን ከፈትኩ። የቢሮው የኢንተርኔት ገጽ ያንቺ ሲስተም አርጅቷል፣ አላስገባሽም አላት። አዲስ ሲስተም ሊጫንባት ነው እንግዲህ። ከመጋዘን ጓደኛዬ ሲስተም ያለበት ሲዲ ተዋስኩና ላፕቶፗን አገላብጬ የሲዲውን ማስገቢያ ፈለግኩ። በቀኝ የለም፣ በግራ የለም፣ ከሥሯ የለም። አሥራ ሁለት ዓመት ስልክ ስሸጥ ኖሬ የራሴ ዕቃ አፍ እንደሌላት አላየሁም።

ይዣት ወደ ታች፣ ኮምፒውተር ጠጋኝ ጋ ወረድኩ። ሰውዬው በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ አያትና «ከየት አመጣሃት?» አለኝ። ከጎንደር አልኩት። «ብትመልሳት ይሻላል» አለኝ። ከሳቀ በኋላ ግን በደንብ አስረዳኝ። እንደዚህ ያለችው ላፕቶፕ ሲዲ አታውቅም፤ ሲስተሙ ፍላሽ ላይ ይዘጋጃል፣ ስትነሳ አንዷን ቁልፍ ደጋግመህ ትጫናለህ፣ ከፍላሹ ተነሺ ትላታለህ። ከዚያ በፊት ግን ያለህን ነገር በሌላ ፍላሽ ገልብጥ አለኝ። ሁለት ፍላሽ ያስፈልግሃል አለ።

ሁለት ሲለኝ ሳቅኩበት፣ በሆዴ። እኔም እኮ ስልክ ለገዛኝ ሁሉ ከቨር ካልወሰድክ ነገ ይሰበርብሃል እል ነበር። የአንዱን ዋጋ ጠየቅኩት፤ ግማሹን ሰጠሁት። የተለጠፈውን ዋጋ በጣቱ አሳየኝ። ደንቡን ጠብቄ ቀስ እያልኩ ወደ በሩ አመራሁ፤ ጎንደር ቢሆን ሦስተኛው እርምጃ ላይ «ና እባክህ ውሰደው» እባላለሁ። በሩን ከፈትኩ፤ የጠራኝ የለም። ዞር ስል ሌላ ሰው እያስተናገደ ነው። በሰው አገር እንዲህ ተዋርጄ አላውቅም። ተመልሼ፣ እልህ ይዞኝ፣ አንድ ብቻ ገዛሁ።

አያ ፈንቴን በዚያ ፍላሽ ገለበጥኩ። ሐሙስ ሲስተሙን ላዘጋጅበት ጎረቤታችን አስቴር ጋ ወጣሁ። አስቴር በልጅነቷ በሰማንያ ሦስት ዓመተ ምሕረቱ አውሮፕላን የመጣች ናት፤ አማርኛዋ ግማሹ ዕብራይስጥ ነው፣ ልቧ ግን ሙሉ ነው። ኮምፒውተሯ ላይ ፍላሹን ሰክታ ስትሠራ ቆየችና ቆም አለች።

«ደሴ፣ በፍላሹ ያለው ኮል ዳባር፣ ሁሉም ነገር ይጠፋል ይላል። በሴደር?»

«በሴደር» አልኳት፤ እሺ ይሁን ማለት ነው። ቪዲዮው ላፕቶፗ ላይ አለ ብዬ ነው።

ዓርብ ከሥራ ገብቼ ፍላሹን ላፕቶፗ ላይ ሰካሁ። ቁልፏን ደጋግሜ ተጫንኩ፣ ዝርዝሩ መጣ፣ ከፍላሹ ተነሺ አልኳት፣ ተነሳች። እሷም በተራዋ ያለው ሁሉ ይጥፋ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ፍላሹ ላይ አለ ብዬ አዎ አልኳት። ይህን ጥያቄ አዎ ስል ነው የኖርኩት፤ ያገለገለ ስልክ ገዝተህ ስትሸጥ ፎርማት አድርገህ ነው። የሰው ሰርግ፣ የሰው ልደት፣ የሞተ አባቱ ይሁን ሳላይ ስንቱን ጠርጌያለሁ። እስከዚያ ቀን ድረስ የሚጠፋው የሌላ ሰው ነበር።

ስትጨርስ ሌላ ዕቃ ሆናለች። ፈጣን፣ ንጹሕ። ሙሉን ጠርቼ አሳየኋት። የቢሮው ገጽ ያለ ምንም ችግር ተከፈተ፤ ቪዲዮውን አምጣ አለኝ። ፍላሹ ውስጥ ገባሁ። የማላውቃቸው የሲስተም ዕቃዎች ተደርድረዋል። ነቅዬ አየሁት፣ ጠረግ አድርጌ መልሼ ሰካሁት። ሦስት ጊዜ። ሙሉ «ምን ሆንክ?» አለችኝ። አንዱን ዕቃ ለሁለት ሰው ሸጫለሁ። ለአስቴር ላፕቶፗ ላይ አለ አልኩ፣ ለላፕቶፗ ፍላሹ ላይ አለ አልኩ፤ ሁለቱም አመኑኝ። ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ።

እየሮጥኩ ልውረድ ብል ሻባት፣ ማለት ሰንበቱ፣ ገብቷል። አውቶቡስ የለም፣ ሱቅ የለም፣ ከተማው በሙሉ ምሳ በልቶ ይተኛል። ቅዳሜን እንዴት እንደዋልኩት ሙሉ ትንገራችሁ፤ እኔ አላስታውስም። እሑድ ጠጋኙ ሱቁን ሳይከፍት በሩ ላይ ደረስኩ። የሆነውን ስነግረው «ሁለት አልኩህ» አለኝ፤ ሌላ አልጨመረም። ላፕቶፗንም ፍላሹንም ተቀበለኝና ሰኞ ተመለስ አለኝ።

ሰኞ አንድ ፎቶ ሰጠኝ። በተጻፈበት ላይ ሌላ ተጽፎበታል፣ የተረፈው ይኸው ነው አለ። የጣት ጥፍር የምታክል ደብዛዛ ምስል ናት። አያ ፈንቴ አፋቸውን ከፍተው ሊናገሩ ሲሉ ያሳያል። ሂሳብ ስንት ነው ስለው ተወው ብሎ እጁን አወዛወዘ። ከዋጋው ሰባራ ሳንቲም ያልቀነሰልኝ ሰው! መጋዘን ስገባ ደግሞ ጓደኞቼ ተራ በተራ ይመክሩኛል፤ ቪዲዮውን በፍላሽ ይዘህ እኛ ቤት ብትመጣ እኮ በእኛ ኮምፒውተር ይጫን ነበር ይላሉ። አሁን ሁሉም ያውቃል።

ያን ቀን አመሻሽ ላይ ዝናሽ ጋ ደወልኩ። ሳልዋሽ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኳት። አላቋረጠችኝም። ትጮህብኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር።

«ፎቶው ላይ አፋቸው ተከፍቷል አልክ?» አለችኝ።

«አዎ እታለም።»

«ድምፅ የለውም?»

«የለውም።»

«እኔ እኮ አንድ ቀን በስልክ ታሰማኛለህ ብዬ ነበር» አለች። ደነገጥኩ። እኔ ይህን ሁሉ ቀን የማስበው ስለ ፓኪዳዋ ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ ላፕቶፗ አልጋዬ ሥር ተቀምጣ አንድ ቀን ስልኩን አስጠግቼ አላሰማኋትም፤ እኔም ከፍቼ አልሰማሁትም።

ከዚያ ዝናሽ ጉሮሮዋን ጠርጋ «በል አንተ ቁጠርልኝ፤ ረቡዕ ባዶ እጅህን አትገባም። የልጄን ደብተር ይዣለሁ» አለችኝ።

ቆጠርኩ። አባታችን ወርቁ። ወርቁ የባዬ ልጅ። ባዬ የተገኝ ልጅ፤ መንደራቸውንም ነገርኳት። ተገኝ የያየህ ልጅ። እርሳሷ ወረቀቱ ላይ ሲሄድ ይሰማኛል።

«ከያየህ በላይስ?»

ከያየህ በላይ ያለውን አውቀዋለሁ ብዬ ነበር የጀመርኩት። ግን ስንቀርጻቸው እዚያ ላይ ነበር አያ ፈንቴን ሳል የያዛቸው። ዝናሽ ውሃ ልታመጣላቸው ወደ ጓዳ ገባች። የእኔም ስልክ ጮኸ፤ አንድ ገዢ ነበር፤ ካሜራውን እንደተተከለ ትቼ ከደጅ ወጥቼ ዋጋ ተከራከርኩ። ስመለስ እሳቸው ሰባተኛውን ጨርሰው እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገዋል።

«አንቺ ትዝ አይልሽም?» አልኳት።

«እኔ ውሃ ላመጣ ገብቼ አልነበር?»

«ቆይ፣ ይመጣልኛል» አልኳት።

ቆየች።