የእትየ ዘሃራ በር

ዛሬ ጠዋት ደሴ፣ በተከራየኋት ክፍል ውስጥ፣ የእድር ጥሩምባ ነው የቀሰቀሰኝ። ጥሩምባ በሰማሁ ቁጥር እትየ ዘሃራ ትዝ ይሉኛል።

ልጅ እያለሁ መካነ ሰላም ውስጥ እኔ የማላውቀው ነገር አልነበረም። በትምህርቱ እንኳን ብዙም አልሆንኩም፣ አራተኛ ክፍል ላይ ከደብተር ጋር በሰላም ተለያይተናል። ግን ማን ምን በልቶ እንዳደረ፣ የማን ዶሮ የማን ጓሮ እንደጣለች ከኔ የሚደበቅ የለም።

እትየ ዘሃራ ከወግዲ በኩል የመጡ፣ ባል የሞተባቸው ሴት ናቸው። የባላቸው ወንድሞች ቤቱን ነጠቋቸው ይባላል። ሰፈራችን እድሩ ድንኳንና ድስት የሚያስቀምጥበት የቆርቆሮ ቤት ነበረ፤ እሳቸው በረንዳው ላይ ማዳበሪያ አንጥፈው ያድራሉ። ሰው የሚጠረጥራቸው ግን ቤት ስለሌላቸው ብቻ አይደለም። ገና ጥሩምባው ሳይነፋ፣ ሟች ቤት ደጃፍ ላይ ኩታቸውን ተከናንበው ቁጭ ብለው ይገኛሉ። ሞት ይሸታቸዋል የሚል አለ፤ ቡዳ ናቸው የሚልም አለ። እናቴ እሳቸው ሲያልፉ ታናሽ እህቴን ቀሚሷ ስር ትሸጉጣት ነበር። ንፍሮ ፍለጋ ነው ያሉም ነበሩ። እኔ ግን ንፍሮ ሲዞር እጃቸውን ኩታቸው ውስጥ ሲደብቁ አይቻለሁ። ይሄ ጭራሽ አጠራጠረኝ። ንፍሮ የማይበላ ለቀስተኛ የት ይገኛል? እኔ ራሴ ለሟቹ ሳይሆን ለንፍሮው ነበር የማለቅሰው።

ጉዳዩን ያዝኩት። ጎህ ሲቀድ አጥር ስር ተደብቄ እጠብቃለሁ። አንድ ቀን ጥሩምባ ነፊው መጣ፤ ጥሩምባውም የሚቀመጠው እዚያው ቆርቆሮ ቤት ነው። ሰውየው ቁልፉን እያንቃጨለ፣ ጉሮሮውን እየጠረገ፣ የሟቹን ስም ለብቻው ይለማመዳል። እትየ ዘሃራ ከማዳበሪያቸው ላይ ቀና አሉ፣ ስሙን ሰሙ፣ ኩታቸውን አንስተው ሄዱ። ቡዳነታቸው ይሄው ነው።

እኔ ዝም የምል ልጅ መሰልኳችሁ? ቆርቆሮው ቤት ደጃፍ፣ እትየ ዘሃራ በረንዳው ላይ ቁጭ ብለው፣ በእድሩ ስብሰባ መሃል ገብቼ ዘረገፍኩት። የእድሩ ዳኛ አያ መኮንን ግን ጭራሽ ዓይናቸውን አጠበቡ።

"እና የእድሩን በር ነው ስትጠብቂ የከረምሽው? ምን ልትወስጂ?" አሏቸው።

እትየ ዘሃራ ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። "እድር አስገቡኝ ብየ ስለምናችሁ ምን አላችሁኝ? በር የሌለውን ሰው የት ሄደን እንጠራለን አላችሁ። እኔ ስሞት ፊቴን የሚያውቅ ሰው ይኑር ብየ ነው። ቀድሜ የምመጣው እንድታዩኝ ነው።"

አያ መኮንን ለረጅም ጊዜ አጉረመረሙ። በመጨረሻ ወደ ቆርቆሮው ቤት እየጠቆሙ፣ "በር እንደሆነ ይሄው። ዕቃ ከጎደለ ግን ካንቺ ራስ አልወርድም" አሉ።

ከዚያ ወዲህ ጥሩምባ ነፊው ጥሩምባውን ይዞ ይወጣል፣ በሩን ይቆልፋል፣ ከዚያ እዚያው ዞሮ "ቤቶች" ይላል። እትየ ዘሃራ እግሩ ስር ቁጭ ብለው "አቤት" ይላሉ። እኛ ልጆች በሳቅ እንፈርሳለን። እሳቸው አይስቁም ነበር። ሲሞቱ ድንኳኑ ሩቅ አልሄደም፣ እዚያው በራቸው ላይ ተተከለ። ሰፈሩ አልቀረም።

አሁን እኔ አከራይ በተቆጣ ቁጥር ፍራሽ ተሸክሜ የምዞር ሰው ነኝ። ከኔም የባሰባቸው፣ ከሩቅ ተፈናቅለው የመጡ እናቶች፣ ልጆቻቸውን አቅፈው ሱቅ በረንዳ ላይ ያድራሉ፤ ሰው ቦርሳውን ጠበቅ አድርጎ ያልፋቸዋል። የዚህን ሰፈር እድር ስጠይቅ ዳኛው ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝና፣ "ተከራይ አንመዘግብም፣ ነገ የት እንደምትሄድ በምን እናውቃለን?" አለኝ።

ስለዚህ ዛሬ ጥሩምባውን ስሰማ ፊቴን ሳልታጠብ ሮጥኩ። ሟቹን አላውቃቸውም። የድንኳኑን ካስማ የመታሁት እኔ ነኝ፤ እንደኔ ካስማ የሚመታ ደሴ ውስጥ የለም። አንዷ ሴትዮ ለጎረቤቷ "ይሄን ልጅ የሚያውቀው አለ?" ስትል ሰማሁ። ንፍሮው ዞሮ እኔ ጋ ሲደርስ፣ እጄን ኪሴ ውስጥ ከተትኩ።