ደሴት የማይረግጠው ፓኬት

«እንግዲያው መራዊ ከተማ፣ እዚያው ቤቴ እወልዳለሁ» አለች እህቴ፣ የጠቀለለችውን ጉርሻ ወደ ትሪው መልሳ።

የእናቴ እጅ የዓሣ ወጡ ጋ ሳይደርስ ቆመ። አባቴ በሩ ላይ ነበሩ። እንደ ልማዳቸው ግማሽ ጎናቸው ቤት፣ ግማሹ ደጅ ነው፤ ሲጋራው በውጭኛው እጃቸው ነው። ጥቂት ይጎርሱና ይነሣሉ፤ ደፉ ላይ ቆመው ያጨሳሉ፤ ተመልሰው ደግሞ ይጎርሳሉ። በሩን በእግራቸው ደግፈው ይይዙታል እንጂ አይዘጉትም፤ የቤቱ ጨዋታ እንዲያመልጣቸው አይፈልጉም። እሳቸው ደጅ እንዳጨሱ ነው የሚቆጥሩት። ሹም አቦ ሰፈር ያለው ቤታችን በር ግን ወደ ሐይቁ ያያል፤ ከቀትር በኋላ ደግሞ ነፋሱ ከጣና ወደ ከተማው ነው የሚመጣው። ወደ ውጭ የለቀቁት ጢስ ዞሮ ትሪያችን ላይ ያርፋል። እናቴ ስትቀልድባቸው፣ «ጢሱም እንዳንተው ጨዋታ ይወዳል፤ ጥሎን አይሄድም» ትላለች። ያን እሑድ ግን አልቀለደችም።

በእኛ ዘንድ የመጀመሪያ ልጅ የሚወለደው በእናት ቤት ነው። አራሷ ልጁ ክርስትና እስኪነሣ ድረስ እናቷ ዘንድ ትታረሳለች። እህቴ በፍልሰታ ልትወልድ ነው የምትጠበቀው፤ እናቴ የጓዳውን ክፍል ኖራ አስቀብታ፣ የገንፎውን እህል አስፈጭታ ጨርሳለች። አባቴም ቢሆኑ ለማንም ሳይናገሩ ከተረፈ የጀልባ ጣውላ ትንሽ አልጋ ሠርተዋል። ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት ሲያሹት፣ ከዚያ መዳፋቸውን በላዩ ሲያሳልፉ፣ ደግመው ሲያሹት አይቻለሁ። እህቴ አልመጣም ስትል ያ አልጋ ባዶውን ይቀራል ማለት ነው።

ክትትል የምታደርግላት አዋላጅ የነገረቻትን አንድ በአንድ ነገረችን። ነፍሰ ጡር ጢስ ያለበት ቤት ከዋለች ልጁ ኪሎው ሊያንስ፣ ቀኑ ሳይደርስም ሊወለድ ይችላል። ከተወለደ በኋላ ሳንባው ገና ለጋ ነውና ሳልና የሳንባ ምች ይደጋግመዋል፤ አንዳንዱም እንደተኛ ሳይነቃ ይቀራል። ደጅ ማጨስም አይበቃም፤ ጢሱ ጋቢ ላይ፣ ጢም ላይ፣ መጋረጃ ላይ ያድራል። ይህን ሁሉ ስትናገር ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም።

አባቴ ሳቅ አሉ። እኛንም ያሳደጉን በዚሁ ጢስ እንደሆነ፣ አንዳችንም እንዳልሞትን ተናገሩ።

«ይሄን ልጅ ይጠይቁት እስኪ» አለች እህቴ።

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ልጅ ሳለሁ ክረምት በመጣ ቁጥር ደረቴ እንደ ተቀደደ ወናፍ ያፏጭ ነበር። እናቴ ትከሻዋ ላይ አስደግፋኝ ቤቱን ስትዞር እንደምታድር አስታውሳለሁ። ብርድ ነው ተባለ፤ ነፋስ ነው ተባለ። ወደዚያ በር የተመለከተ አልነበረም። የዓሣውን እሾህ መልቀም ጀመርሁ።

አባቴ የሞተር ጀልባ ነጂ ናቸው፤ ገዳማት ወዳሉባቸው ደሴቶች ምእመንና እንግዳ ያደርሳሉ። ማንም ያላወጣላቸው አንድ ሕግ አላቸው። ደሴቱ ዳር ሲደርሱ ሞተሩን ያጠፋሉ፤ የሲጋራ ፓኬቱንና ክብሪቱን ከኪሳቸው አውጥተው ከመቀመጫው ሥር ያኖራሉ፤ ከዚያ ነው የሚወርዱት። ቀኑን ሙሉ እዚያ ቢውሉም ፓኬቱ ደሴት አይረግጥም። ድሮ አቅም ያነሰው ሽማግሌ ሲያጋጥማቸው አዝለው ዳገቱን ያወጡት ነበር። አሁን ግን ባዶ እጃቸውን ወጥተው እንኳ መንገድ ላይ ግንድ ተደግፈው ይቆማሉ። እንግዶቹ ወፍ የሚያሳዩዋቸው ይመስላቸዋል። እኔ ግን አብሬያቸው ስሄድ ትከሻቸው ሲነሣና ሲወድቅ አያለሁ።

እህቴ ስልኳን አወጣች። አዋላጇ የልጁን ልብ ትርታ በመሣሪያ ስታሰማት ቀድታው ኖሯል። ስልኩን ከትሪው አጠገብ አኖረችና ከፈተችው።

መጀመሪያ የተሰማው ውኃ ነበር፤ ደንገል መካከል ነፋስ ሲገባ እንደሚሰማው ያለ ሹክሹክታ። ከዚያ ከሹክሹክታው ሥር ሌላ ነገር ወጣ፤ ቶሎ ቶሎ የሚመታ፣ የማይታክት፣ ከየት ወዴት እንደሚሮጥ የማይታወቅ። እኔ ግጥም እጽፋለሁ፤ ያስተማረኝ የለም። ዳር ተቀምጬ ሰው ሲናገር አፉን፣ ሲራመድ እግሩን እያየሁ ነው ምት የለመድሁት። ያን ቀን ግን የማውቀው ምት ሁሉ ጠፋኝ። ገና አየር ያልቀመሰ ሰው፣ ስም ያልወጣለት፣ ምሳችን መካከል ገብቶ ይሰማል። ጣቴ ላይ ያለው እንጀራ ደረቀ፤ መጉረስ ነውር መሰለኝ።

አባቴ ሲጋራውን ጥለው ገቡ። ጎንበስ ብለው ጆሯቸውን ወደ ስልኩ አስጠጉ፤ ልክ እንዲህ አድርገው ነው ጠዋት ጠዋት ሞተራቸውን የሚያዳምጡት። ፊታቸው ተለወጠ።

«ይሄማ ከልክ በላይ ነው የሚሄደው» አሉ። «እንዲህ ከሄደ ይግላል። አሞታል እንዴ? ነርሷ ሰምታዋለች?»

እናቴ ሳቋን መያዝ አቃታት። «ኧረ አንተ ሰውዬ! ዘይት ጨምርለት በላ!»

እህቴ አልሳቀችም። «አልታመመም፣ አባባ። የሕፃን ልብ እንዲህ ነው የሚሄደው። ገና ዳገት እየወጣ ነው እኮ።»

«ድገሚልኝ።»

ደገመችላቸው። እንዳጎነበሱ ነበሩና አሁን የራሳቸውም ትንፋሽ ይሰማኝ ጀመር፤ ከጉሮሯቸው ሥር እየተጎተተ፣ እያፏጨ የሚወጣው። በልጅነቴ ከራሴ ደረት የሰማሁት ፉጨት ነበር። ስንት ምሳ አብሬያቸው በልቻለሁ፤ እንዲህ ቀርቤ ሰምቼው አላውቅም። ከስልኩ የሚወጣው ምት አንዴም ሳይደናቀፍ በዚያ ትንፋሽ ላይ እየተረማመደ አለፈ። ከመሬት በታች ያለ ወንዝ የሰማሁ መሰለኝ።

ድምፁ ሲያበቃ አባቴ ቀና አሉ። ማንም ወደ ትሪው እጁን አልሰደደም።

«አባባ» አለች እህቴ፤ «ፓኬቱን ይዘው ደሴቱ ላይ ወርደው ያውቃሉ?»

«ምን ነካሽ? እሱማ ገዳም ነው።»

እጇን ሆዷ ላይ አሳረፈች። «ይሄስ?»

አባቴ በጓዳው በር በኩል ያን ትንሽ አልጋ አዩት፤ እናቴ ነጭ ጨርቅ አልብሳዋለች። ከዚያ ጋቢያቸውን ከትከሻቸው አወረዱ። ወደ አፍንጫቸው አስጠግተው አሸተቱት፤ እኔ እስከማውቀው የራሳቸውን ጋቢ ሲያሸቱ የመጀመሪያቸው ነው። አጥፈው ለእናቴ ሰጧት።

«እጠቢልኝ» አሉ።

ቴሌቪዥኑ ላይ ፓኬቱና ክብሪቱ ነበሩ፤ እኔ ከተወለድሁ ጀምሮ የዚያ ቤት ዕቃ ናቸው። ሁለቱንም አንሥተው ኪሳቸው ከተቱ። ያለ ጋቢ ትከሻቸው ጠባብ ነበር።

«ወጡ ይቀዘቅዛል፤ የት ነው?» አለች እናቴ።

«ጀልባው ድረስ ነው።»

«ዛሬ እንግዳ አለህ እንዴ?»

«የለኝም» አሉ። «እዚያ የማስቀምጠው ነገር አለኝ።»

ደፉን ተሻገሩ። በሩን ሁልጊዜ የሚደግፈው እግር አልቆመም። ወደ ኋላቸው ዞረው እጀታውን ያዙና፣ ነፋሱ እየገፋው እንኳ፣ ቀስ ብለው ሳቡት፤ በሩ ተዘጋ።