ጀላብያ የለበሰችው ፍየል ዘፈን

ልጅ ሳለሁ የሽንፋ ሙቀት እንደ ዛሬው የተልፈሰፈሰ አልነበረም። ያኔ ቀትር ላይ ጥላችን እንኳ እኛን ጥሎን ሮጦ ዛፍ ሥር ይገባ ነበር፤ እኛ እያለከለክን ስንደርስ ተኝቶ እናገኘዋለን። የማያምነኝ ሰው ጠቡን ከአያ መኳንንት ጋር ያድርግ። ይህን የነገሩኝ እሳቸው ናቸው፤ እኔ ከእሳቸው የሰማሁትን ትንሽ ብቻ ጨምሬበት ነው የማወራው።

አያ መኳንንት የአባቴ አጎት ነበሩ። ከደጋ ወርደው መተማ ቆላ የሰፈሩት ጢማቸው ገና ሳይበቅል ነው ይባላል፤ እኔ ሳውቃቸው ግን ያ ጢም ነጭ ሆኖ ደረታቸው ላይ ደርሶ ነበር። ፀሐይ ወደ ሱዳን በኩል ስታዘቀዝቅ ከማሳው ዳስ ፊት የክትር ግንድ ያነዳሉ፤ ፍም ሲሆን እርጥብ የኒም ቅጠል ጣል ያደርጉበታል። ለቢንቢ ነው። ያ መራራ ጭስ ዓይናችንን እያስለቀሰ፣ ኩራዙ ምሰሶው ላይ እየተርገበገበ፣ እኛ ልጆች ጉልበታችንን አቅፈን ተረት እንሰማለን። ቢንቢዎቹም ቢሆኑ ጭሱን ችለው ተረቱ እስኪያልቅ ይጠብቁ ነበር።

ይህን ሁሉ ያስታወሰችኝ የልጅ ልጄ ናት። በቀደም ስልኳን ጆሮዬ ላይ ደቅና አንድ ዘፈን አሰማችኝ።

«እማማ፣ ይህን ያልሰማ ሰው እኮ የለም!» አለችኝ።

«ሰማሁት። ምኑ ነው ጥሩው?»

«እንዴ! ጥሩ ባይሆን አገር ሁሉ ይሰማው ነበር?»

መልስ ልሰጣት አፌን ስከፍት ዕድሜ ልኬን ስትከተለኝ የኖረች አንዲት ፍየል ድንገት ፊቴ ላይ መጥታ ቆመች። ስለ እሷ ነው የማወራችሁ።

በዚያ ዓመት አባቴን ወባ ጥሎት ጎንደር ሐኪም ቤት ተኝቶ ነበር። ሰሊጡ ግን አባቴ እስኪድን አይጠብቅም። ሰሊጥ ባሕሪው እንዲህ ነው፤ ቅጠሉ ቢጫ ሲል ካላጨዱት፣ ፍሬውን የያዘው ከረጢት አፉን ይከፍትና የዓመት ልፋትን መሬት ላይ ያፈሰዋል። አፈር ላይ የፈሰሰ ሰሊጥ ደግሞ የጉንዳን ነው። የዓመት ቀለባችን፣ የአባቴ መድኃኒት፣ የእኔ ትምህርት ቤት፣ ሁሉም እዚያ ማሳ ላይ ቆሞ ነበር። ስለዚህ እናቴ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ አጫጅ ፍለጋ መተማ ወረደች፤ እኔም ቀሚሷን ይዤ ተከተልኩ።

ለአጨዳ ከጎጃምና ከወሎ የሚወርዱትን ሠራተኞች እኛ ሳሉግ እንላቸዋለን። ያኔ ሳሉግ የሚከተለው ባለማሳውን አልነበረም፤ ዘፈን አውራጁን ነበር። አውራጁ የሄደበት ተቀባዩ ሁሉ ይሄዳል፤ ቆላ ላይ ያለ ዘፈን ማጭድ አይነሣማ። የዚያን ዓመት አውራጅ ደግሞ ሽባባው የሚባል የጎጃም ጎረምሳ ነበር። ድምፁ፣ ያለ ሐሰት፣ መተማ ሆኖ ሲያስል አብደራፊ ያለ ሰው «ይማርህ» ይለው ነበር። ያወጣው ዘፈን ይህች ናት፦

«ፍየሏ ጀላብያ ለብሳ ሄደች ገላባት፣
ነጋዴው ሁሉ ቆሞ እመቤቴ አላት።»

ተቀባዩ ደግሞ «አላት! አላት!» ይላል። በቃ፣ ይኸው ነው፤ ሌላ ስንኝ የለውም። ፍየሏ ድንበር ተሻግራ ሱዳን ለምን እንደሄደች፣ ያን ረጅም የሱዳን ቀሚስ፣ ጀላብያውን፣ ማን እንደሰፋላት የጠየቀ ሰው አልነበረም። ውሃ ቀጂዋ ትዘፍነዋለች፣ የትራክተር ነጂው መሪውን እየደበደበ ይዘፍነዋል፣ አራስ ልጇን ታስተኛበታለች፤ የቄሱ በቅሎ እንኳ በዚያ ምት ትራመድ ነበርና ቄሱ ቤተ ክርስቲያን ሲደርሱ ትከሻቸው እየተንቀጠቀጠ ነው የሚወርዱት።

እናቴ ሽባባውን ከነጭፍራው ዛፍ ሥር አገኘችው።

«አንተ ልጅ፣ የእኔን ማሳ ያዝልኝ። ባለቤቴ ታሟል፣ ሰሊጤ ደርሷል።»

«ስንዘፍን አይቆጡም እሜቴ? ያለፉት ባለማሳ ራሴን አመመኝ እያሉ አስቸገሩን።»

«እናንተ እጨዱልኝ እንጂ ከፈለጋችሁ እንደ አህያ አናፉ!»

ጭፍራው በሳቅ ፈነዳ፤ ማጭዱን አንሥቶም ተከተለን። እናቴ በመንገድ ላይ «አላት፣ አላት» ስትል ሰማኋት። አባቴ ከታመመ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትዘፍን የሰማኋት ያን ቀን ነው።

በማግስቱ አጨዳ ተጀመረ። እኔ ከአያ መኳንንት ጋር የታሰረውን ነዶ አቁመን እየደገፍን ሳለን እሳቸው ድንገት ቀጥ ብለው ቆሙ።

«ዝናብ መጣ እንዴ ልጄ?»

እኔም ሰማሁት። ሽር... ሽር... ሽር። ቀና ብዬ ሳይ ሰማዩ እንደ ምጣድ ደርቋል። ጎንበስ ብለው ከአጫጆቹ እግር ሥር አፈር ዘገኑ፤ እፍኛቸው ግማሹ ሰሊጥ ነበር። ያቺ የፍየል ዘፈን ለካ ለማሽላ ውቂያ የወጣች ናት! «አላት!» ሲባል ዱላ ከራስ በላይ ተነሥቶ ማሽላው ላይ ይወርዳል፤ እዚያ ምቱ ያማረ ነው። ሰሊጥ ላይ ግን «አላት!» ሲባል ማጭዱ ይነጥቃል፣ ክንድ ይወረውራል፣ ከረጢቱ ይደነግጥና ፍሬውን ይተፋል። ዘፈኑ በደመቀ ቁጥር ሰሊጣችን ይፈሳል።

አያ መኳንንት ማጭድ አንሥተው ከፊት ተሰለፉና የራሳቸውን ዘፈን አወጡ። ድሮ በጉብዝናቸው ጊዜ ለሰሊጥ የገጠሙት ነው፦

«ቀስ ብለህ ዕቀፈው ሰሊጡን እንደ ልጅ፣
ከደነገጠማ ይበተናል በደጅ።»

ዜማው ረጅም ነበር፤ ማጭዱ ሲገባ ይጀምርና ክንድ ዛላውን አቅፎ መሬት እስኪያስተኛው አያልቅም። እኔ ልጅ ብሆንም ጠጉሬ ቆመ። ጭፍራው ግን እርስ በርሱ ተያየ።

«አባባ፣ ማን ሞቶ ነው?» አለ አንዱ።

«ዝም በል፣ ሙሾ ሲወርድ አይሳቅም!» አለ ሌላው፤ ራሱ እየሳቀ።

ተቀባይ አጡ። ጥቂት ቆይቶ ፍየሏ ከነጀላብያዋ ተመለሰች፤ የሚፈሰው ሰሊጥ ሽርታም ተመለሰ። እናቴ የውሃ እንስራዋን እንደያዘች መሐል ላይ ቀረች። ዘፈኑን ብታስቆም ጭፍራው ነቅሎ ይሄዳል፣ ባታስቆም ማሳው አፈር ላይ ያልቃል። እንስራዋን አስቀምጣ የፈሰሰውን ሰሊጥ ከነአፈሩ ታፍስ ጀመር።

ያን ዕለት ፀሐይ ስትገባ ጭፍራው ሁሉ እሳታችን ዙሪያ ተቀመጠ። አያ መኳንንት ጢማቸውን ሁለቴ ዳበስ አድርገው ጀመሩ።

«አንበሳ ልጁን ሊድር የሠርግ ዘፋኝ ፈለገ። ተቀባይ የበዛለት ይሸለማል ብሎ አስነገረ። መጀመሪያ ዋኔ፣ ያቺ የዱር እርግብ፣ ዘፈነች። እንዴት ያለ ዘፈን! ዝንጀሮ እንኳ ማከኩን ትቶ አለቀሰ። የተቀበላት ግን ባሏ ብቻ ነበር። ቀጥሎ አንድ ግሪሳ መጣና ‹ጪው› አለ። ሰማዩን የሸፈኑት ግሪሳዎች ሁሉ ‹ጪው› ብለው ተቀበሉት። ዳኛው ከርከሮ ‹ከዚህ ወዲያ ዘፈን የለም› ብሎ ፈረደ። ሽልማቱ የሠርጉ ማሽላ ነበር። ሳይመሽ አንዲት ዘለላ አልቀረችም፤ ሠርገኛውም ከነሙሽራው ጦሙን አደረ።»

«አያ፣ እና የግሪሳው ዘፈን መጥፎ ነበር?» አልኳቸው።

«መጥፎ መች ወጣኝ? ብዙ ነው አልኩ እንጂ።»

ሽባባው ከማዶ ፍሙን በእንጨት ይቆሰቁስ ነበር። «አባባ፣ እኔን ነው ግሪሳ ያሉኝ?»

«አንተ አንድ ነህ የኔ ልጅ። አንድ ግሪሳ ማንንም ጎድቶ አያውቅም።»

ሁሉም ሳቀ፤ ሽባባውም ሳቀ። ከዚያ ግን ረጋ ብሎ፣ «እንዲያ ከሆነ ለዋኔዋም ይዘኑላት አባባ፤ ባሏ ብቻ የተቀበላት ዘፈን ማሳ አያሳጭድም» አለ።

አያ መኳንንት እርጥብ የኒም ቅጠል ፍሙ ላይ ጨመሩ። ጭሱ መሐላችን ተጠቀለለ። እናቴ ከጀርባችን ተቀምጣ ከአፈር ጋር ያፈሰችውን ሰሊጥ ስትነፋ ቆይታ ወንፊቱን አስቀመጠች።

«አያ መኳንንት፣ ዜማውን ይስጡት። ቃሉን ይተዉለት።»

«ምን?»

«የእርስዎ ዜማ ሰሊጥ አያፈስም፤ የእሱ ቃል ሰው አይበትንም። ይቀላቀሉ።»

«ዜማዬን ለፍየል ላልብስ ነው የምትዪኝ?»

«ፍየሏማ ለብሳለች፤ የኔ ልጆች ናቸው የሚታረዙት።» ከአፈር የለየችውን ሰሊጥ ዘግና አሳየቻቸው። «ሰሊጤ ከሚበተን የእርስዎ ግጥም ይበተን፣ አያ። ይቅር ይበሉኝ።»

አያ መኳንንት ወደ ሽባባው ዞረው፣ «ና ተጠጋ፤ ይቺ ‹አላት› የምትላትን እስቲ እስከ ሽንፋ ወንዝ ድረስ ጎትታት» አሉት። እዚያው ያስጠኑት ጀመር። ጎረምሳው ትንፋሽ እያጠረው ደጋግሞ ሞከረ። ሲሳካለት ግን፣ እውነቴን ነው፣ ያቺ ቀልደኛ ፍየል በዚያ ረጅም ዜማ ውስጥ ገብታ ድንገት ክብር አገኘች፤ ገላባት የምትሄደው እየጨፈረች ሳይሆን አገሯን እየተሰናበተች መሰለኝ።

በማግስቱ «አላ...ት» እያሉ ሲያጭዱ ሽርታ አልተሰማም። ማጭዱ ይገባል፣ ክንድ ያቅፋል፣ ነዶው ይተኛል። ማሳችን ሳይፈስ ታጨደ፤ አባቴም ድኖ ሲመለስ ሰሊጡ ደርቆ፣ ሸራ ላይ ተራግፎ፣ ጆንያ ውስጥ ገብቶ ጠበቀው። ጭፍራው ወደ ሌላ ማሳ ሲሄድ ዘፈኑን ይዞ ሄደ፤ ከዚያ ሳንጃ ገባ፣ አብደራፊ ገባ፤ ሱዳን ድረስ ዘልቆ ግመሎች ያመሰኩበታል ተባለ።

በጥር ሽንፋ ከተማ ሠርግ ተጠርተን ሄድን። ዳሱ ሙሉ ያንን ዘፈን ሲያወርድ «የሽባባው ዘፈን ነው» ይባባላል። እኔ ልፈነዳ ደረስኩ።

«አያ፣ ዜማው እኮ የእርስዎ ነው! ለምን አይነግሯቸውም?»

«ዝም በይ አንቺ፤ ዛሬ ገና ተቀባይ ባገኝ ልትበትኚብኝ ነው?»

«አሁን አገር ሁሉ ሲዘፍነው ከበፊቱ አማረ?»

«ብቻዬን ስዘፍነውም ይኸው ነበር» አሉና፣ አንገታቸውን አዘንብለው ከሰው ጋር «አላ...ት» ብለው ተቀበሉ።

ለልጅ ልጄ ይህን ስነግራት ዘፈኑን ካልዘፈንሽልኝ አለች። ዘፈንኩላት። ሳልጨርስ ቤቱ ሁሉ ተቀበለኝ፤ ከሸክላ ማድጋው በቀር ዝም ያለ አልነበረም። ስለዚህ ጥያቄዋን እንደሚገባ ሳልመልስላት ቀረሁ። ሰው የወደደው ሁሉ ከንቱ ነው እንዳልል ዜማው አለ፤ መልካም ነገር ሁሉ ተቀባይ ያገኛል እንዳልል ደግሞ ተቀባይ ያጣው የአያ መኳንንት ግጥም አለ።

ግጥማቸው ደግሞ ያቺ የሰሊጧ ብቻ አልነበረችም። ሰው ከተበተነ በኋላ፣ ፍሙ አመድ ሊለብስ ሲል፣ ለራሳቸው የሚያንጎራጉሯት ሌላ ነበረች። «ፀሐይ ስትጠልቅ እናቴን መሰለች» ትላለች የመጀመሪያዋ ስንኝ። ሁለተኛዋ ጠፋችኝ። ከእኔ ሌላ የሰማት ስለሌለ የምጠይቀው ሰው የለኝም። ብዙ ነገር አጋንኛለሁ፤ ይህን ግን አላጋንንም፤ እንደዚያች ሁለተኛ ስንኝ ያማረ ነገር በዚህ ጆሮ ገብቶ አያውቅም። ማታ ማታ ደጅ ወጥቼ የመጀመሪያዋን እላታለሁ። ከዚያ ሁለተኛዋን እጠብቃለሁ።