የፍራንሲና ወንበር

አክስቴ ማግሪታ ዲርጋርት የዕድሜዋን ግማሽ ያህል «ሴንትራል» ተብላ ነው የኖረችው። በትንሿ ከተማችን በኡሳኮስ የስልክ ማዞሪያ ቤት ጆሮዋ ላይ ማዳመጫ ደፍታ፣ ገበሬውን ከሐኪሙ፣ ያገባችውን ልጅ ከእናቷ፣ የባቡር ጣቢያውን ከዋና ከተማው ከዊንድሁክ ስታገናኝ ኖረች። ደዋዩ «ሴንትራል!» ይላል፤ እሷ «አቤት» ትላለች። ማን እንደተወለደ፣ ማን እንዳረፈ ከቄሱ ቀድማ የምትሰማ እሷ ነበረች። ገበያ ላይ ግን አፏን ከፍታ ካልተናገረች የሚያውቃት ሰው አልነበረም። ማዞሪያው ተዘግቶ ሥራው ለማሽን የተሰጠ ዕለት ቤቷ ገብታ ለባሏ ለዳዊድ እንዲህ አለችው፦ «ከዛሬ ጀምሮ በስሜ ካልጠራኸኝ እራት የለም።»

ዳዊድ የባቡር ሠራተኛ ነበር፤ ዝምተኛ። ከዚያን ቀን ጀምሮ በረንዳ ላይ ተቀምጦ «ማግሪታ» ብሎ ይጠራታል፤ «ምን ፈለግህ?» ስትለው «ምንም፣ መጥራቴ ነው» ይላል። እንዲህ ሲሳሳቁ ኖረው እሱ ቀድሟት አረፈ። አንድያ ልጃቸው ሮኔልዳ ዊንድሁክ አግብታ ቀረች። አክስቴም በቆርቆሮ ቤቷ ከበለስ ዛፏና ቮልፊ ከሚባል ሽማግሌ ውሻ ጋር ብቻዋን ሆነች። እኔ የእህቷ ልጅ ነኝ፤ በእኛ አገር ትልቅ ሴት «ታኒ»፣ ትልቅ ወንድ «ኦም» ተብሎ ነው የሚጠራውና «ታኒ ማግሪታ» እላታለሁ፤ ጓሯችን አንድ ነው፤ በየቀኑ ብቅ እላለሁ።

አንድ ቀን ብቅ ያልኩት ዘግይቼ ነበር። ቮልፊ በሩ ላይ ቆሞ አይጮህም፣ ጅራቱን አይቆላም፣ ዝም ብሎ ያየኛል። ገባሁ። አክስቴ የመታጠቢያ ቤቱ ወለል ላይ በጎኗ ተኝታለች። ከጠዋት ጀምሮ እዚያው ናት። ከንፈሯ ደርቆ ተሰነጣጥቋል።

«ጮህኩ፣ ጮህኩ» አለችኝ ላነሳት ስታገል፤ «በመጨረሻ የራሴ ድምፅ የሌላ ሰው መሰለኝ። እኔ ስጣራ እኔው አቤት ማለት ጀመርኩ።»

አጥንቷ አልተሰበረም። ሮኔልዳ ግን በማግስቱ መኪናዋን አስነስታ መጣች። ስዋኮፕሙንድ ባሕሩ ዳር «የባሕር ዕረፍት» የሚባል የአረጋውያን መኖሪያ አለ፤ ነርስ ያለው፣ ምግብ የሚያበስሉበት፣ በየክፍሉ የጥሪ ደወል የተገጠመበት። ልጇ ስለዚህ ቤት ስታወራ አክስቴ ፊቷን አኮሳተረች።

«ውሻ ይገባል?»

«እማዬ፣ ውሻ አይፈቀድም።»

«እኔስ ይፈቀድልኛል?»

«እማዬ እባክሽ። መሬት ላይ ተኝተሽ ነው ያገኘችሽ!» አለች ሮኔልዳ ወደ እኔ እያመለከተች።

ሮኔልዳ ስትሄድ እኔና አክስቴ በረንዳው ላይ ቀረን። አሰበች፤ ጮክ ብላ ነው የምታስበው። «እዚህ ብወድቅ የሚሰማኝ የለም። እዚያ ደግሞ ባስነጥስ ነርስ ትመጣለች። እዚህ ሲርበኝ እበላለሁ፤ እዚያ ደወል ሲመታ ነው የሚርበኝ። እዚህ በሬን የምዘጋው እኔ ነኝ። ግን ከዘጋሁት በኋላ ማን ያንኳኳል?» ወደ እኔ ዞረች። «አንቺ። አንቺ ደግሞ አንድ ቀን ትታመሚያለሽ፣ ወይ ባል ታገኛለሽ።»

«በዚህ ዕድሜዬ?»

«በሽታውን ማለቴ ነው» አለችና ሳቀች።

በመጨረሻ ለሙከራ ጥቂት ሳምንት እንድትቀመጥ ተስማማች። የወሰድኳት እኔ ነኝ። ኡሳኮስ ፀሐዩ አናት ይበሳ ነበር። በረሃውን አቋርጠን ወደ ባሕሩ ስንቃረብ ጭጋጉ ተቀበለን፤ እኩለ ቀን ላይ የመኪናውን መብራት አበራሁ። ባሕሩ ይሰማል እንጂ አይታይም። ሕንፃውን ያየነው አጥሩ ጋ ከደረስን በኋላ ነው።

ነርሷ ሲስተር ኡርሱላ በፈገግታ ተቀበለችን። የሰጧት ክፍል ትኩስ ቀለም ይሸታል፤ መስኮቱ በአሸዋው በኩል ነው። ወደዚያ ስንሄድ ኮሪደሩ ውስጥ ሹራብ የምትሠራ ነጭ ፀጉር አሮጊት ቀና ብላ አየቻትና፣ «ተመለስሽ?» አለች።

«አሁን ገና መምጣቴ ነው» አለች አክስቴ።

«ቆየሽ» አለች አሮጊቷ፣ ወደ ሹራቧም ተመለሰች።

በመጀመሪያው እሑድ ልጠይቃት ስሄድ ወሬ ሞልቷት አገኘኋት። ምግቡን ወዳዋለች። አልጋው ይመቻል። ሌሊት ሲያማት ደወል ደውላ ነርሷ ወዲያው መጥታላታለች። «አንድ ነገር ብቻ» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፤ «ፍራንሲና ይሉኛል።»

«ማን?»

«ሁሉም! አንዱ የዘነጋ ቢሆን እሺ። የመጀመሪያው ቀን ምሳ ላይ ያቺ ሹራብ የምትሠራዋ፣ ታኒ ዊልሄልሚን፣ መስኮቱ ሥር ያለውን ወንበር ሳበችና ‹ነይ ፍራንሲና፣ ሾርባሽ ቀዘቀዘ› አለችኝ። ያ ጢማሙ ኦም ኒክላስ ደግሞ ቁንዶ በርበሬውን ገፋልኝ፤ ‹ያለ እሱ መቼ ትበያለሽ› ይለኛል። በርበሬ አልወድም አልኩት። ሳቁብኝ! ቀልድ አወራሁ መስሏቸው ሳቁብኝ።»

«ፍራንሲና ማናት አላልሻቸውም?»

«ዊልሄልሚንን ጠየቅኳት። ይህች ሴት ጋዜጣ ከዳር እስከ ዳር የምታነብ፣ አእምሮዋ እንደ ምላጭ የሆነች ናት። ዓይን ዓይኔን አይታ ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? ‹ምን ማለትሽ ነው፣ አንቺ ነሻ።›»

ተሳሳቅን። እኔም ወደ ኡሳኮስ ስመለስ መንገዱን ሙሉ ብቻዬን ስስቅ ነበር። ጭጋጉን አልፌ ፀሐይ ውስጥ ስገባ ግን ሳቁ ለቀቀኝ። ለምን እንደሆነ አላወቅኩም።

የሙከራው ጊዜ ሲያበቃ እኔና ሮኔልዳ አብረን ሄድን። ምሳ ሊቀርብ ነው፤ አዳራሹ ውስጥ መብራት በርቷል፤ መስኮቶቹ ሁሉ በጭጋግ ነጭ ሆነዋል። አክስቴ ጀርባዋን ሰጥታን መስኮቱ ሥር ተቀምጣለች። ፀጉሯን በሌላ ወገን ከፍላ አበጥራዋለች። ሾርባዋ ላይ በርበሬ ትነሰንሳለች፤ አንዴ፣ ደግሞ አንዴ፣ ደግሞ። ስለ ሉደሪትዝ ወደብ ነበር የምታወራው።

«ነፋሱ ቀሚስ ያስነሳል» ትላለች፤ «እኛ ልጆች ሳለን ኪሳችን ውስጥ ድንጋይ ከትተን ነበር ትምህርት ቤት የምንሄደው።»

ቆሜ ቀረሁ። አክስቴ ሉደሪትዝን በካርታ ካልሆነ አይታው አታውቅም። የተወለደችው ከባሕር በራቀው ሬሆቦት፣ ከብት ቤት ውስጥ ነው።

«እማዬ!» አለች ሮኔልዳ።

አልዞረችም።

«እማዬ! ማግሪታ!»

ማንኪያዋን አነሳች። ሾርባዋን ጠጣች። ሮኔልዳ ወደ እኔ ዞረች። ያኔ ኦም ኒክላስ በጠረጴዛው ላይ ጎንበስ ብሎ በለሆሳስ፣ «ፍራንሲና፣ እንግዳ መጥቶልሻል» አላት።

አክስቴም፣ «ማነው?» ብላ ዞረች።

አየችን። እንደ ደግ አስተናጋጅ ፈገግ አለችልን፤ መንገድ ለጠፋባቸው ሰዎች የሚሰጥ ዓይነት ፈገግታ። ከዚያ ልጇ ስታለቅስ አየች። ፈገግታዋ ፊቷ ላይ ቀስ እያለ ሞተ። ወንበሩን ገፍታ ተነሳችና እጄን ያዘችኝ፤ ጥፍሯ ቆዳዬ ውስጥ ገባ።

«ስሜን ጥሪኝ» አለችኝ።

«ታኒ ማግሪታ።»

«ድገሚው።»

ኮሪደሩ ላይ እስክንወጣ ድረስ ደጋገምኩት። ኮሪደሩ ጨለምለም ያለ ነው፤ አክስቴ ግን ሳታይ እጇን እዚያ ከቆመው ቁም ሳጥን ኋላ ሰደደችና መብራቱን አበራች። እኔ እዚያ ማብሪያ መኖሩን አላውቅም ነበር። እሷም እጇን አውጥታ የሌላ ሰው እጅ እንደሆነ ሁሉ አየችው።

ሲስተር ኡርሱላ ቢሮዋ ውስጥ ተቀምጣ ሰማችን። መጀመሪያ የአረጋውያን ነገር ነው ብላ ልታልፈው ፈለገች። አክስቴ በስልክ ማዞሪያው ድምፅዋ፣ «ፍራንሲና ማን ናት?» ብላ ጠየቀቻት። ያ ድምፅ መልስ ሳያገኝ አይሄድም።

«እዚህ የነበሩ ሴት ናቸው» አለች ሲስተሯ። «እርስዎ ባሉበት ክፍል። በብርዱ ወራት አረፉ።»

«ለሰዎቹ ነግራችኋቸዋል?»

ሲስተሯ እጇን አሻሸች። «እዚህ ሞት አይነገርም። እንዳይደነግጡ ነው። መዝሙር ሲዘምሩ አስከሬኑ በወጥ ቤቱ በር ይወጣል። ከጠየቁ ‹ሐኪም ቤት ሄዳለች› እንላለን። ከዚያ መጠየቁን ይተዋሉ፤ ሁልጊዜም ይተዋሉ።»

ፎቶዋን አሳየችን። ፍራንሲና ረጅም፣ ቀጭን፣ አፍንጫ ሰልካካ ሴት ነበረች። አክስቴ አጭርና ደልደል ያለች ናት። በዓይን የሚያምታታ አንድም ነገር የላቸውም።

«የየት አገር ሰው ናት?» አልኩ እኔ።

«የሉደሪትዝ።»

ከጭጋጉ ውስጥ ባሕሩ ይመታል፣ ይመለሳል።

ልጇ ሻንጣ ልትሸክፍ ስትሮጥ አክስቴ ወደ አዳራሹ ተመለሰች። እኔም ተከተልኳት። ወንበሩ ላይ አልተቀመጠችም፤ መደገፊያውን ይዛ ቆመች።

«ስሙኝ» አለች። «እኔ ማግሪታ ዲርጋርት ነኝ። ከኡሳኮስ ነው የመጣሁት። ፍራንሲና ሞታለች።»

ማንኪያዎቹ ሁሉ ቆሙ። ሲስተር ኡርሱላ በሩ ላይ ደረሰች፤ ግን አልገባችም።

«ሐኪም ቤት ነው የሄደችው» አለች ታኒ ዊልሄልሚን።

«ሞታለች፣ እህቴ። አንቺም ታውቂዋለሽ።»

ዊልሄልሚን የጠረጴዛ ልብሱን በጣቷ ስታስተካክል ቆየች። «መቼ?»

«በብርዱ ወራት።»

«እኛ የት ነበርን?»

«እዚሁ። ትዘምሩ ነበር።»

መጀመሪያ ያለቀሰው ኦም ኒክላስ ነው። ጢሙ ውስጥ ያለቅሳል፤ ድምፅ የለውም፤ ትከሻው ብቻ ይንቀጠቀጣል። «ወንበሩን ባዶ ካየሁት ሄደች ማለት ነው» አለ፤ «ሰው ሲቀመጥበት ጊዜ…» አልጨረሰውም። ከዚያ አንዷ አለቀሰች፣ ከዚያ ሌላዋ። አንዲት ሴት «ዮሃና የት አለች? እሷም ሞታለች?» ብላ ጠየቀች። ሌላው «ቲኒስ፣ እሱስ?» አለ። ሲስተሯ ከበሩ ሆና ለእያንዳንዱ ስም «አዎ» እያለች ጭንቅላቷን ነቀነቀች። ስሞቹ ብዙ ነበሩ። ሾርባው በየሳህኑ ቀዘቀዘ፤ የነካው የለም። ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ላልቀበሯቸው ሰዎች ዘመሩ፤ እኛም ሻንጣውን ኮሪደሩ ላይ ትተን አብረን ዘመርን።

ዊልሄልሚንን ለብቻዋ ይዤ፣ ስለ ሉደሪትዝ ለአክስቴ የነገራት ማን እንደሆነ ጠየቅኳት። «ማንም» አለች። «ፍራንሲና ስለ ልጅነቷ ተናግራ አታውቅም። እኔም ዛሬ ከአክስትሽ አፍ ነው የሰማሁት።»

ወደ ኡሳኮስ ስንመለስ መኪናው ውስጥ ሮኔልዳ «በቃ፣ ቀረ። ሌላ ነገር እናገኛለን» ትላለች ደጋግማ። ጭጋጉን አልፈን ፀሐይ ሲመታን ነው አክስቴ የተናገረችው።

«እመለሳለሁ።»

«እማዬ አብደሻል?»

«እስኪ አስቢው። ቤቴ ስገባ ማን ነው ወንበር የሚስብልኝ? እዚያ ወንበር ሳቡልኝ። ስሙን ተሳስተዋል እንጂ ወንበሩን አልተሳሳቱም። ደግሞ መታጠቢያ ቤቱ ወለል ላይ የተኛሁት እኔ ነኝ፣ አንቺ አይደለሽም።» ትንሽ ቆይታም፣ «ፈርቻለሁ። ግን ቤቴም ሆኜ እፈራለሁ። እዚያ ቢያንስ የምንፈራው አብረን ነው» አለች።

ከመኖሪያ ቤቱ ኃላፊዎች ጋር ራሷ ተደራደረች። ያንን ክፍል አልፈልግም አለች፤ በባሕሩ በኩል ሰጧት። የሞተ ሰው ካለ ምሳ ላይ በስሙ ተጠርቶ እንዲነገር አለች። አስከሬን በፊት ለፊቱ በር ይውጣ አለች። ሰዎቹ አንገራገሩ፤ አረጋውያኑ ግን ምሳ አንበላም ብለው ከአክስቴ ጎን ቆሙ፤ ኦም ኒክላስ ሳህኑን ጠረጴዛው ላይ ደፍቶታል አሉ። ተፈቀደ። ቮልፊ ለእኔ ቀረ። የበለሱን ዛፍ እንዳልረሳው በየሳምንቱ ትደውልልኝ ነበር፤ «ማግሪታ ነኝ» ብላ ነው የምትጀምረው፣ ድምፅዋን የማላውቅ ይመስል። መስኮቱ ሥር ያለው ወንበር ላይ ግን ዳግመኛ አልተቀመጠችም። ስለ ሉደሪትዝ ብጠይቃት ወሬ ትለውጣለች።

እዚያ ዓመታት ኖረች። ወፈረች፣ ካርታ መጫወት ተማረች፣ ከዊልሄልሚን ጋር ተኳርፋ ታረቀች። አንድ ጠዋት አልነቃችም።

ስንደርስ ጭጋጉ እጅን አያሳይም ነበር። ምሳ ላይ ሲስተር ኡርሱላ ቆማ ሙሉ ስሟን ጠራች። አረጋውያኑ ተነሱ፤ ያለ ድጋፍ መቆም የማይችሉት ጠረጴዛውን ይዘው ተነሱ። የፊት ለፊቱ በር ሁለቱም ክንፍ ተከፈተና ጭጋጉ ወደ አዳራሹ ገባ፤ ከወንበሮቹ መካከል እየተንሸራተተ ጠረጴዛዎቹ ሥር ደረሰ። እኔና ሮኔልዳ የሬሳ ሳጥኑን ተከትለን ወጣን። አስከሬኑን የሚወስደው መኪና ደጃፉ ላይ ነበር፣ ግን እስክንነካው ድረስ አላየነውም። ከኋላችን መዝሙሩ ይሰማል፤ የሚዘምረው ሰው አይታይም። መኪናው ተነሳ፣ ድምፁ ራቀ፣ ባሕሩ ዋጠው። አረጋውያኑ ግን በሩን ሳይዘጉ እዚያው ቆመው መዘመራቸውን ቀጠሉ።