መልሰሽ ድገሚ

ልጅ እያለሁ እኛ ቤት «እሺ» ማለት ብቻውን አይበቃም ነበር። አባባ ሱቅ ሲልከኝ «ሳሙናና ክብሪት ገዝተሽ በውስጥ ለውስጡ መንገድ ተመለሺ» ካለኝ፣ በሩ ላይ ቆሜ ያንኑ ቃል በቃል መልሼ መንገር ነበረብኝ። ካልደገምኩ እንደሰማሁ አይቆጠርም፤ ካልሰማሁ ደግሞ ከበሩ አልወጣም። የሰፈር ልጆች እናታቸው ተናግራ ሳትጨርስ ይሮጣሉ፤ እኔ ግን እንደ ዳዊት ደጋሚ ከንፈሬን እያንቀሳቀስኩ ነበር የምሄደው።

ነገሩ ከአባባ ሥራ የመጣ ነው። ድሬዳዋ አውሮፕላን ማረፊያ፣ ማማው ላይ ተቀምጦ አብራሪዎችን በሬድዮ የሚያስነሳና የሚያሳርፍ ተቆጣጣሪ ነበር። አብራሪው የተፈቀደለትን ነገር መልሶ ካልደገመ ፈቃዱ አይጸናም። ተረት ንገረኝ ስለው ስለ ጦጣና ስለ አንበሳ አያውቅም። ድሮ ሬድዮ ሳይኖር አንድ ሰው ሜዳው ዳር ቆሞ ባንዲራ እያውለበለበ አውሮፕላን ያስነሳ እንደነበር፣ በዓለም ጦርነቱ ማብቂያ ላይ ብዙ አገሮች ተሰብስበው ለሰማይ አንድ ደንብ እንዳወጡ ነበር የሚያወራልኝ። «ሮጀር» ማለት ሰማሁ እንጂ አደርጋለሁ ማለት እንዳልሆነ ፊደል ሳልቆጥር አውቅ ነበር። ትምህርት ቤት የገባሁ ቀን ስሜን ስጠየቅ አብራሪዎች በሬድዮ ፊደል በሚቆጥሩበት አነጋገር «ሲየራ አልፋ ብራቮ አልፋ» ብዬ ክፍሉን በሳቅ ገደልኩት። መምህሬ ሳባ የሚለውን ስሜን ያገኙት ከአባባ ነው።

ቤታችን ከከተማው ወጣ ብሎ ወደ ማረፊያው የተጠጋ ስለነበር ጎረቤት ብዙ አልነበረንም። አውሮፕላን በማይኖርበት ሰዓት የሚሰማው ነፋስና ፍየል ብቻ ነው። ፍየሎቹ አጥሩን ሾልከው ሜዳው ላይ ሲገቡ ዘበኛው ዱላውን ይዞ ሲያባርር ማየት የልጅነቴ ሲኒማ ነበር። እማዬ ግን በዚያ አልሳቀችም። የደጋ ሰው ናት፤ ሙቀቱንም ጭር ማለቱንም አልቻለችውም። በረንዳው ላይ በካርቶን ቁራጭ እያራገበች፣ የዛፍ ጥላ ስላለባት የከተማው ሰፈር ስለ ከዚራ ታወራ ነበር፤ እዚያ ቤት እንከራይ ብላ ስንቴ ለምናዋለች። አባባ ሁሌም «ሰማሁ» ይላታል። ሲጣሉ አልሰማሁም፤ ዝም ሲባባሉ ግን እሰማ ነበር። አንድ ልጅ ስለሆንኩ ያን ዝምታ የሚያካፍለኝ ሰው አልነበረኝም፤ ብቻዬን ነበርኩ።

ሽማግሌ ተቀመጠ፤ አልሆነም። እማዬ አዲስ አበባ ወላጆቿ ቤት እንድትገባ፣ እኔ የዓመቱን ትምህርቴን እስክጨርስ ከአባባ ጋር እንድቆይ ተወሰነ። የሶማሊያ ጦርነት ካለፈ ብዙም ስላልሆነ ባቡሩ ገና በቅጡ አልጀመረም፤ መሄጃዋ አውሮፕላን ነው።

የሄደች ቀን ጠዋት ጋሪው በር ላይ ቆሞ፣ ጎንበስ ብላ ፊቴን በሁለት እጇ ያዘችው። እጇ ሳሙና ሳሙና ይሸት ነበር። «ሳብዬ፣ ክረምት ሲገባ መጥቼ እወስድሻለሁ። እስከዚያ አባትሽን እንዳታስቸግሪ፣ እሺ?» አለችኝ።

ዝም አልኩ። አኩርፌ አልነበረም። እኛ ቤት ደንቡ የታወቀ ነው፤ እኔ ካልደገምኩ ያለችው ነገር አይጸናም፤ ካልጸና ደግሞ አትሄድም። ጥርሴን ነክሼ ቆምኩ። እሷ የጠበቀችው ግን አንዲት ቃል ነበር። እንባዋን በነጠላዋ ጠርጋ ጋሪው ላይ ወጣች።

የቀረኝ ተስፋ አባባ ነበር። ሸሚዙን አልለቅ ስላልኩት ማማው ላይ ይዞኝ ወጣ። ያለ አባቴ ፈቃድ አውሮፕላን አይነሳም እያልኩ ስንት ቀን በጓደኞቼ ላይ ተኩራርቻለሁ። ዳኮታ የሚባለው አውሮፕላን አቧራውን እያስነሳ ወደ ሜዳው ጫፍ ሄዶ ቆመ። አብራሪው ለመነሳት ፈቃድ ጠየቀ።

«አባባ፣ ባለህበት ቁም በለው» አልኩት።

አባባ አቅርቦ የሚያሳየውን መነፅሩን አንስቶ ሜዳውን ከጫፍ እስከ ጫፍ አየ፤ ከዚያ እንደገና ከዚያኛው ጫፍ ጀምሮ መልሶ አየው። እኔም አንዲት ፍየል እንኳ እንድትገባ እግዚአብሔርን ለመንኩ። በየቀኑ የሚገቡት ፍየሎች ያን ቀን የት እንደሄዱ እንጃ። አብራሪው ጥያቄውን ደገመ። አባባ መነፅሩን አስቀምጦ፣ በየቀኑ በሚናገርበት በዚያው ድምፅ፣ ነፋሱን ነግሮ ፈቀደለት። አብራሪው አንድ ቃል ሳያጎድል ደገመው።

አውሮፕላኑ ከተራራው ጀርባ ሲሰወር «ሜዳው ነፃ ነበር፣ ሳባ» አለኝ።

ከማማው ስወርድ የተቀበለችኝ እንደ አክስት «ኢዶ» የምላት ጎረቤታችን ፋጡማ ነበረች። «አቦ አልቅሺ፣ ማን ከለከለሽ! ወላሂ ሙሽበክ እገዛልሻለሁ፤ ግን መጀመሪያ አልቅሺ» አለችኝ። አለቀስኩ። በስኳር የራሰውን ሙሽበክም በላሁ። አባባን ግን ለብዙ ጊዜ ያዘዘኝን ቃል ከመድገም በቀር አላናገርኩትም፤ ጠልቼው ነበር። ክረምት ገባ፤ እማዬ አልመጣችም። ሌላ ትዳር ይዛ ኖሯል። ካደግኩ በኋላ ስንገናኝ መጀመሪያ የነገረችኝ «ያን ቀን ደህና ሁኚ እንኳ አላልሽኝም» የሚል ነበር። ምክንያቴን ነገርኳት፤ ያመነችኝ አልመሰለኝም።

ዛሬ የምኖረው አዲስ አበባ ነው። ቀኑን ሙሉ ስልኬ ላይ «እሺ» የሚል መልእክት ይገባል፤ ተሰምቼ ይሁን አይሁን የማውቅበት መንገድ የለኝም። አባባ ጡረታ ከወጣ ቆይቷል፤ እዚያው ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር ብቻውን ይኖራል። በቻልኩ ቁጥር እሄድለታለሁ። ስመለስ በሩ ላይ ቆሞ፣ «ስትደርሺ ደውዪ፤ ውሃ ጠጪ፤ በይ ሂጂ» ይለኛል፤ እስክደግምለትም አንገቱን ዘንበል አድርጎ ይጠብቃል። አንድ ቀን እንኳ ቆዪ ብሎኝ አያውቅም።

ባለፈው ጊዜ አልደገምኩለትም። ልክ እንደ ልጅነቴ ዝም ብዬ ቆምኩ። ባጃጁ ውጭ ጥሩምባውን ነፋ። አባባ አልሰማችኝም ብሎ እንደገና ይነግረኛል ስል፣ በእኔ ትከሻ ላይ አሻግሮ መንገዱን ማየት ጀመረ። በደከመ ዓይኑ ከላይ እስከ ታች አየው፤ ከዚያም ከታች ወደ ላይ መልሶ አየው። ማማው ላይ ያን ቀን እሱም ፍየል ይፈልግ እንደነበር ያኔ ገባኝ።

መንገዱ ላይ ምንም አልነበረም። «ስደርስ እደውላለሁ፤ ውሃ እጠጣለሁ፤ ሄድኩ» አልኩት።